አማቱን ይዞ የሄደው ሙሽራ

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥር፣ አንድ እሑድ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ቢቸና ሠርግ ቤት ውስጥ ነው። ባስታወስሁት ቁጥር መጀመሪያ እደነግጣለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ ሞጣ አስተማሪ ሆኜ ተመደብሁ። አብራኝ የምታስተምረው አበባ ስታገባ ቢቸና ወላጆቿ ቤት ሄድሁ። ሰው ፊት መቆም ስለሚከብደኝ ጓዳ ገብቼ ሳህን አደርቅ ነበር።

የሙሽራዋን እናት፣ እትዬ የሻሽን፣ የእህል ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ላብ አጥምቋቸዋል።

"ምነው እትዬ?" አልኋቸው።

"መንጋጋዬን ያዘኝ ልጄ፤ ጀርባዬንም። ደግሞ ያቅለሸልሸኛል።"

"ምች ነው! ከእሳት ተነሥታ ነፋስ ላይ ቆማ" አለች ጎረቤታቸው፤ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወጣች። ሌላዋ፣ "ልጇን ስትድር የማያማት እናት ደግሞ የት አለች?" ብላ አሣቀች።

"ደረትዎንስ ያምዎታል?" አልሁ።

"የለም፣ ደረቴስ ደኅና ነው።"

ሁሉም ተረጋጉ። እኔን ግን ስጋቱ ባሰብኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመኝታ ክፍሎቻችን ኃላፊ የነበሩት እናት እንዲሁ መንጋጋቸውንና ጀርባቸውን እያመማቸው የጨጓራ መድኃኒት ሲውጡ ሰነበቱ። ሕመሙ የልብ መሆኑ ሲታወቅ ዘግይቶ ነበር። ሐኪሙ ያለን አልጠፋኝም፤ "ልብ ሴትን ሲያጠቃ ሁልጊዜ በደረት ሕመም አይታወቅም።"

በዚያው ሰዓት የሙሽራው ወገን ደረሰ። ልጃገረዶቹ በሩን ይዘው እየዘፈኑ አናስገባም ይላሉ። በአቅራቢያው የነበረው መኪና ሙሽራው ከሞጣ፣ ከግብርና መሥሪያ ቤት ተውሶ የመጣበት ላንድሮቨር ብቻ ነው። በመካከላቸው ተሽሎክልኬ በሩን ከፈትሁት።

"ከዳተኛ! በምን ደለሉሽ?" ብለው ጮኹብኝ።

"ሙሽራዋ ትቆይ" አልሁት ሙሽራውን፣ ይበልጣልን። "መኪናው ለእናቷ ነው። ልባቸውን ሳያማቸው አልቀረም።"

ሚዜው ከት ብሎ ሣቀ። "አማቱን ልትድሩለት ነው?"

ይበልጣል ፊቴን አይቶ አልሣቀም። ባገራችን ሙሽራ አማቱ ፊት ቀና ማለት ያፍራል። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ጓዳ ገባና እትዬ የሻሽን አቅፎ አነሣቸው። "ኧረ አፈር በበላሁ! አማቼ ይሸከመኝ? አውርደኝ!" እያሉ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ የነገርኋትን ሰማች፤ የልብ ምታቸውን አዳምጣ፣ ደም ግፊታቸውን ለክታ፣ በዚያው መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ላከቻቸው። ቬሎዋን ሰብስባ አብራን የመጣችው አበባም ከኋላ ገባች፤ እኔ በእግሬ ወደ ሠርጉ ቤት ተመለስሁ።

ዳሱ ያለ ሙሽሮች ቀረ። ምግቡን የነካው የለም። አመሻሽ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ከስልክ ቤት እየሮጠ መጣ።

"ጓዶች! ተርፈዋል! ልባቸው ነው፤ በጊዜ ደርሰዋል! 'ወጡ ሳይበላ ከተረፈ አልመለስም' ብለዋል!"

ያን ጊዜ የነበረው እልልታ! ዳሱ እስኪናጋ ተጨፈረ። ሙሽራ የሌለበት እንዲህ ያለ ሠርግ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሞጣ ልመለስ ስል ሴቶቹ "ምን አይተሽ አወቅሽ?" ብለው ከበቡኝ። ሰው ፊት መቆም ቢከብደኝም ዳሱ መካከል ቆሜ ነገርኋቸው፤ መንጋጋ፣ ጀርባ፣ ትከሻ፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ። ደረት ባያምም ቶሎ ወደ ሐኪም።

ዳማከሴ ልትቀጥፍ የሄደችው ጎረቤት መንጋጋዋን ይዛ ወደ ኋላ ተንጋለለች። "ወይኔ! እኔንም ያዘኝ! ያን ይበልጣልን ጥሩልኝ!"

ከሁሉም በላይ ጮኼ የሣቅሁት እኔ ነበርሁ። ይሁን እንጂ ምልክቶቹን በቃሏ እስክትልልኝ ድረስ አልለቀቅኋትም።