የዴል የድንጋይ ግንድ

በደቡብ ኢንዲያና፣ በእኛ ከተማ መቃብር መግቢያ ላይ የቆመውን የድንጋይ ግንድ የቀረጸው ዴል ስታልትዝ ነው። ቅርፊቱም፣ የተጠመጠመበት ሐረግም የእሱ እጅ ነው። የድንጋይ ብናኝ ሳንባውን ጨርሶት በጎልማሳነቱ ሲሞት፣ ለአባቱ ለቨርን ከልጁ የቀረው ይኸው ብቻ ሆነ።

በመከር ወቅት ከተማው የመቃብሩን ድንጋዮች ሊያስመረምር ወሰነ፤ ደካማ ሆኖ የተገኘ ይነሳል ተባለ። መርማሪዋ ሎሪ ሃስኬት በስብሰባ ላይ ሥራዋን አስረዳች። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በድንጋዩ አንድ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ጠጣር በሆነው ውስጥ ይፈጥናል፣ ቀዳዳ በበዛበት ይዘገያል።

"ቀዳዳው ውሃ ከያዘ ግን ይፈጥናል" አለች። "ስለዚህ የምለካው ደረቅ ድንጋይ ነው።"

ቨርን ከኋላ ተቀምጦ ሰማ።

በማግስቱ በድንጋይ ካባ አብሮት ሲፈልጥ የኖረው የድሮ ጓደኛው ክላይድ፣ ቨርን ግንዱን በእርጥብ ጆንያ ሲጠቀልል አገኘው።

"ምነው፣ ትኩሳት አለው እንዴ?"

"ዝም በል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ከካባ የወጣ ድንጋይ ውሃውን ሳይተፋ ውርጭ እንዳያገኘው እያልክ ስታሰቃየን የኖርከው አንተ አይደለህም?"

"ከለካች በኋላ ይደርቃል። ውርጩ ገና ነው።"

በልኬታው ጠዋት ጆንያውን አነሳ። ሎሪ ስትደርስ ላይ ላዩን ነፋስ አድርቆታል። መሣሪያዋን በሁለቱ ጎን አስጠግታ ቁጥሩን አየች።

"ሚስተር ስታልትዝ፣ ልጅዎ ድንጋይ መምረጥ ያውቅ ነበር።"

"ያውቅ ነበር" አለ ቨርን፣ መሬት መሬት እያየ።

ግንዱ ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። በዚያው ሳምንት ግን ውርጩ ያለጊዜው ወረደ። በውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ አበጠ፤ ሐረጉ ያለበት ገጽ ከላይ እስከ ታች ተገምሶ ሣሩ ላይ ተበተነ።

ሎሪ መጥታ ስብርባሪውን ዳሰሰች።

"ውሃ ጠጥቷል። እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ይነሳል አላችሁ። የተነሳ ድንጋይ የት እንደሚደፋ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስደፋ ኖሬያለሁ።"

"የሚደፋ አልነበረም። ደካማዎቹን ቤተ መዘክር ልናስገባቸው ነበር፣ ከጣሪያ ሥር።"

"አልነገራችሁኝም።"

"አልጠየቁም።"

የቀረው ግማሽ ወደ መንገዱ አዘንብሎ ስለነበር ከተማው የፍርስራሽ መኪና ላከ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ብቅ አለ።

"ይኼ ነው የሚነሳው?"

ቨርን ከሣሩ ላይ አንድ የሐረግ ስባሪ አነሳ። ሎሪ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።