የአንቀልባው ጠፍር

ልጄን የወለድኩ ሰሞን ጣቶቼ አበጡ። የአራስ ነገር ነው፣ ይለቅሻል አሉኝ። ልጄ ክርስትና ተነሣች፣ ጡት ይዛ ወፈረች፣ እኔን ግን የለቀቀኝ ነገር የለም። ከጣት ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ ክርን ወጣና ደግሞ ጉልበቴ ላይ ወርዶ ተቀመጠ። ጠዋት ስነሣ እጄ የኔ እጅ አይደለም። ልጨብጠው ብል እንቢ፣ ልዘርጋው ብል እንቢ። እንስራ ማንሣት ቀረ፣ ሊጥ ማቡካት ቀረ። እሱስ ይቅር፣ ጎረቤት ያግዛል። እኔን ያንገበገበኝ አንቀልባው ነው።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ባሌ ዱር ቤቴ ብሎ ከወጣ ከርሟል። ቤት የቀረነው እኔ፣ ልጄና የባሌ እናት ነን። አማቴ መንኩሰው ቆብ የጫኑ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ባልቴት ነበሩ፤ እማሆይ ነው የምላቸው። የአውሮፕላን ድምፅ የተሰማ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ልጁንም ከብቱንም ይዞ ገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ ይሮጣል። እማሆይ በምርኩዝ ለራሳቸውም አይደርሱ። ታዲያ ልጄን የሚያሸሻት ከእኔ ሌላ ማን አለ? ሕፃን ደግሞ በእቅፍ ተይዞ ገደል አይወረድም። በአንቀልባ ታዝሎ፣ ጠፍሩ ደረት ላይ ጠብቆ መታሰር አለበት። ያንን ጠፍር ማሰር አቃተኝ።

ቢጨንቀኝ በጥርሴ ማሰር ለመድኩ። አንዱን ጫፍ በፊት ጥርሴ እነክሳለሁ፣ ሌላውን አንጓዬ ላይ ጠምጥሜ እስባለሁ፣ ቋጠሮው ይጠብቃል። ጥርሴም ጥርስ ነበር! ነጭ፣ የነከሰውን የማይለቅ። ሠርጌ ሲቃረብ ድዴን በእሾህ ወግተው፣ በጥላሸት ነቅሰው አጥቁረውልኛል፤ የአገራችን ሴት ውበቷ እሱ ነው። ሰው ጥርሴን ለማየት ብሎ ያስቀኝ ነበር። ግን ጥርስ እንደ እጅ አይፈጥንም። አንድ ቀን እኔ ጠፍር ስነክስ ሰፈሩ ዋሻ ገብቶ ጨርሷል። ሜዳው ላይ ብቻዬን፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ፣ ጉልበቴ እየከዳኝ ስድኽ የሰማሁትን ድምፅ ጠላቴም አይስማው።

እማሆይ ጸበል ወሰዱኝ። ተጠመቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ተሳልኩ። ዋግምት ታገምኩ። ቅጠል ተቀቅሎ ታሰረልኝ። አንዱም ጠብ አላለልኝ። በኋላ ማርቆስ ከተማ የጣሊያን ሐኪም አለ፣ ሰው ሁሉ ያያል ሲሉ ሰማሁ። በልመና በቅሎ አገኘሁና ተነሣሁ። መንደሩ ምላሱን አሾለብኝ። «ባሏ ጫካ ሆኖ ይተኩስባቸዋል፣ እሷ መድኃኒታቸውን ልትለምን!» አሉ። ይበሉ! የነሱ እጅ ጠፍር ያስራል።

ሐኪሙ ፊቴን እንኳ በቅጡ አላየኝም። ጣቴን ጨመቅ ቢያደርገው እሪ አልኩ፤ እሱ ከጓደኛው ጋር ወሬውን ቀጠለ። አስተርጓሚው የኛው አገር ሰው ነው፣ ቆብ አድርጎ ሲንቀባረር ጌታውን ያስንቃል። ነጭ ክኒን ሰጡኝ፣ ከምግብ በኋላ ዋጪ ተባልኩ። ስውጠው ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ሆዴ ይቃጠላል። ቢሆንም አንድ ጠዋት ተነሥቼ እጄን ባየው ጣቶቼ ተጣጠፉ። ልጄን አዘልኩ፣ ጠፍሩን በጣቴ አሰርኩት! እማሆይን ጠርቼ ቋጠሮውን በእጃቸው አስዳሰስኳቸው። «ይኸ ያንቺ ነው?» ብለው እልል አሉ። ልጄን እንዳዘልኩ ደጅ ለደጅ ስንጎራደድ ዋልኩ፤ ሞኝ መስዬ ይሆናል፣ ግድ የለም።

ክኒኑ አለቀ። ሕመሙ እንደ ተናደደ ሰው ብሶበት ተመለሰ። እንደገና ማርቆስ ወረድኩ።

«ክኒን ያስታግሳል እንጂ አያድንም፣ ሥሩን መንቀል ነው ይላል» አለኝ አስተርጓሚው። «አፍሽን ክፈቺ።»

«ጉልበቴንና እጄን ነው ያመመኝ በለው እንጂ!»

«ክፈቺ ተብለሻል።»

ከፈትኩ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ድዴን ሲያይ ፊቱን አጨማደደው። በብረት ነካ ነካ አደረገና ብዙ ተናገረ።

«ድድሽ በስብሶ ጠቁሯል ይላል። መገጣጠሚያሽ ውስጥ የሚገባው መርዝ የሚመነጨው ከዚያ ነው። የፊት ጥርሶችሽ ይወጣሉ።»

«ኧረ በማርያም! ንቅሳት ነው በለው! ለውበት በእሾህ የተወጋሁት ነው፣ ጤነኛ ነው በለው!»

አስተርጓሚው ያልኩትን አልተረጎመለትም። የእናቱ ድድ እንደኔው የተነቀሰ ለመሆኑ እምላለሁ። «ሐኪም አይመከርም» አለኝ። «መዳን ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

መዳን ትፈልጊያለሽ ወይ! ያ የክኒኑ ጠዋት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ይኸ ሰው አንድ ጊዜ ጣቴን አጥፎልኛል፤ ምናልባት ያውቅ ይሆናል አልኩ። እጄ ይዳንልኝ እንጂ ዓይንሽን ላውጣ ቢለኝም እሺ ሳልል አልቀርም ነበር። አፌን ከፈትኩ። ላይኞቹን፣ ድዱ ጥቁር ጥቁር ያለውን እየመረጠ ነቀለ። አንዱም የበሰበሰ አልነበረም። ሳህኑ ላይ ሳያቸው ነጭ ነበሩ፣ ሥራቸው ሙሉ ነበር።

ጠብቂ ተባልኩ፣ ጠበቅሁ። ክረምቱ ገባ፣ ጭቃው በዛ፣ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ተኛ። የሻረልኝ አንድ ጣት የለም። ለመጨረሻ ጊዜ ሄድኩ። «የቀሩትም ይውጡ ይላል» አለኝ ያው ቆባም።

«የራሱን ያውጣ በለው! ያንን ክኒን ብቻ ይስጠኝ።»

«ክኒኑ ለወታደር ብቻ ሆኗል» አለኝ፣ ስድቤንም ሳይተረጉምልኝ አስወጣኝ። በቅሎዋን ተደግፌ የሐኪም ቤቱ ግንብ ሥር እንደ ልጅ አለቀስኩ። የሚያልፈው ሁሉ ሰው የሞተባት መስሎት «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል።

መስከረም ላይ ሰማዩ ሲጠራ አውሮፕላኑ መጣ። «ልጄ፣ ድረሽ!» አሉ እማሆይ። ልጄን ጀርባዬ ላይ ጣል አደረግሁ፣ የጠፍሩን ጫፍ እንደ ልማዴ ወደ አፌ ወሰድኩ። ነከስኩ። በድዴ ነው የነከስኩት፤ ጠፍሩ ደም ይዞ ሾልኮ ወጣ። ደግሜ ነከስኩ፣ ሾለከ። ወደ መንጋጋዬ ባስገባው አጠረኝ። እማሆይ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው እየዳበሱ ቋጠሩልኝ፤ ከደጃፉ ሳልርቅ ተፈታና ልጄ ከጀርባዬ ተንሸራታ ወደቀች። የምይዝበት እጅ የለኝ፣ የምነክስበት ጥርስ የለኝ። እላይዋ ላይ ተደፋሁ። እማሆይ እኔ ላይ ተደፉ። ድምፁ በላያችን አልፎ ሄደ፤ ቦምቡ ከወንዙ ማዶ ወደቀ። የዚያን ቀን ስንት ሰው አለቀሰ፣ እኛ ግን ተረፍን።

አንቀልባውን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ዳግመኛ አላወረድኩትም። ልጄ ገና መራመድ መጀመሯ ነበር። የሌላው ልጅ ወደ እናቱ መሮጥ ይለምዳል፣ እኔ የኔዋን ከእናቷ ርቃ እንድትሮጥ አስለመድኳት። «ሩጪ!» እላታለሁ፣ ጎረቤቶች ወደሚወርዱበት እየጠቆምኩ። ጨዋታ መስሏት ትንሽ ሄዳ ትመለስና እየሳቀች ቀሚሴን ትይዛለች።

አንድ ቀን አውሮፕላኑ እንደገና ተሰማ። የጎረቤታችን ሚስት ልጆቿን እየነዳች ስታልፍ ልጄን «ሩጪ፣ ተከተያት!» አልኳት። ልጄ መጥታ እግሬን አቀፈች።

«ሂጂ አልኩሽ!»

አልሄድ አለች። በዚያ በተጣመመ እጄ በጥፊ መታኋት። ስታድግ የምታስታውሰው ይኸን እንዳይሆን እስከ ዛሬ እፈራለሁ። ጮኻ አለቀሰች። ከዚያ ሴትዮዋን ተከትላ፣ በየመሐሉ እየዞረች እያየችኝ ሮጠች።