ስለት የተገባለት ጆሮ

ገና አፌን ሳልፈታ ማጅራት ገትር ታምሜ መስማት ተሳነኝ። እናቴ ያላዳረሰችኝ ጠበል የለም። ልጇ ከሰማችላት ለደብሩ ዣንጥላ ልታስገባ ተሳለች።

አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ በአጥሩ ጥግ እየጠራችኝ ስትመጣ ዞር አልኩ። የቀሚሷን ጫፍ በዓይኔ ጠርዝ አይቼ ነበር። እሷ ግን የሰማኋት መሰላት። ጎረቤት ተጠራ፤ ከጎኔ ቆመው አጨበጨቡ፤ እኔም እጃቸው ሲንቀሳቀስ እያየሁ ዞርኩላቸው። በንግሡ ዕለት ዣንጥላው በእልልታ ገባ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ስለ መዳኔ ሲያወራ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ታላቅ እህቴ ናት፣ ማንበብ ከቻልኩ በኋላ፣ በጽሑፍ።

ዓይኔ ለምን እንዲያ እንደነቃ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አንድ ሐኪም በወረቀት አስረዳኝ። ሰው በሕፃንነቱ መስማት ሲያቅተው፣ አንጎሉ ውስጥ ለድምፅ የተመደበው ቦታ ባዶውን አይቀመጥም፤ ማየት ይረከበዋል፤ በተለይ ከጎን የሚመጣውን ማየት። ያኔ ቀበሌ ትርፍ ቤት ወርሶ ለሌላ ሰው ይሰጥ እንደነበረው ማለት ነው። ሳቅኩ። ወዲያው ግን ተናደድኩ። ጉድ የሠራኝ ያ ጎበዝ ዓይኔ ነበር።

ስለት ከገባ በኋላ «ልጄ አትሰማም» ማለት ታቦቱን መካድ ነው። እንደ እኔ ላሉ ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት እንዳለ ለእናቴ ሲነግሯት፣ «የኔ ልጅ እኮ ድናለች!» ብላ መለሰች። የሰፈሩ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ከልጆቹ ጋር አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲናገር ጀርባውን አያለሁ። ልጆቹ ሲስቁ፣ በምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬ እስቃለሁ። እንደዚያ ሳቅ የሚያደክም ነገር ኋላም አልገጠመኝም። ብቻዬን ነኝ የምልበት ቃል እንኳ አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ፀጉሬን ስታጥበኝ ሳሙናው እንዳይገባብኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ አፏ ይንቀሳቀሳል። ለካ ስትጠራኝ ቆይታለች። በእርጥብ መዳፏ ዓይኔን መልሳ ሸፈነችው። ጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩ። እጇን ስታነሳ እያለቀሰች ነበር።

መስከረም ሲጠባ ራሷ በአውቶቡስ ይዛኝ እንደ እኔ ላሉ ልጆች ወደተከፈተው ትምህርት ቤት ሄደች። እዚያ ሰው በእጁ ሲያወራ አየሁ። በጥቂት ቀን ውስጥ «እናቴ» ማለት ተማርኩ። በተማርኩበት ቀን ከሰዓት ልትወስደኝ መጣች፤ አውቶቡሱ ውስጥ መንገዱን ሁሉ ተኝታ ስለነበር አልቀሰቀስኳትም። ሰፈራችን አየር ጤና ስንወርድ ግን አላስቻለኝም፤ ፊቷ ቆሜ ደጋግሜ በእጄ ጠራኋት። ፌርማታው ላይ ለዣንጥላው እልል ያሉት ሴቶች ቆመው ያዩናል። እናቴ አየቻቸው። ምን ብዬ እንደጠራኋት ሳታውቅ፣ ሁለቱንም እጆቼን ያዘችና ነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻቸው።