የመኮጂው ዓለምነህ ሆድ

ዓለምነህ ሱዳን የገባው በ1977 ዓ.ም. በእግሩ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነበር። ከጭልጋ በታች ካለው ቀዬአቸው አምስት ሆነው ተነሥተው ገዳሪፍ የደረሱት ሦስት ናቸው። በመጨረሻዎቹ አራት ቀናት በአፉ የዞረ እህል አልነበረም። ሆዱ መጀመሪያ ጮኸ፤ ቀጥሎ ነከሰው፤ በኋላማ እንደ ሰው የሚያናግረው መሰለው። በአምስተኛው ቀን ጭነት መኪናው ተበላሽቶበት መንገድ ዳር የቆመ ሱዳናዊ ሹፌር አገኙ። ሹፌሩም የሚበላ አልነበረውም። ውሃ ሰጣቸውና ለዓለምነህ አንድ ሲጃራ ለኩሶ አቀበለው። በቋንቋ ስለማይግባቡ እጁን ሆዱ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አስቀመጠ። ሆድህን ዝም ያሰኘዋል ማለቱ ነው።

ዓለምነህ ሳበ፤ አሳለው፤ ዞረበት። ሆዱም እውነትም ዝም አለ።

ያዳነው ውሃው ነበር። እሱ ግን ምስጋናውን ለሲጃራው ሰጠና ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያመሰግነው ኖረ።

ካርቱም ገብቶ መኮጂ ሆነ፤ በከሰል ካውያ የሰው ልብስ የሚተኩስ ማለት ነው። ሱቁ ዐማራት ሰፈር፣ አንድ የግንብ አጥር ጥግ ላይ ናት። የሚኖረው ደይም የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አራት ቤተሰብ በሚጋራው ሆሽ ነው። ሆሹ አንድ ግቢ፣ አንድ የውሃ በርሜል፣ አንድ መጸዳጃ ቤት አለው። ዓለምነህ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዱካው ላይ ተቀምጦ በሻይ አንድ ሲጃራ ያጨሳል፤ ሁለቴ ያስላል፤ ኢብሪቁን፣ የመታጠቢያ ማንቆርቆሪያውን፣ ውሃ ሞልቶ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ይነሣል። አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም። ጎረቤቱ ለተብርሃን፣ «የጋሼ ዓለምነህ ኢብሪቅ ሳይነሣ ልጆቼን አልቀሰቅስም» ትል ነበር። ሆሹ ሰዓቱን የሚያውቀው በእሱ ነው።

ሚስቱ የሻሽወርቅ ሃያ ስምንት ዓመት አብራው ኖራለች፤ በቁርባን ግን አልተጋቡም። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ ትንባሆ ነው። የንስሐ አባታቸው በየዓመቱ ይጠይቁታል፤ እሱም በየዓመቱ «ለከርሞ» ይላል። በ2015 ዓ.ም.፣ የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት በነበረው መስቀል፣ የሻሽወርቅ ዓይኑን እያየች ተናገረች።

«ዓለሜ፣ እኔ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። ከእንግዲህ ለከርሞ የምለው ከርሞ የለኝም። ጥቅምት 27፣ በመድኃኔ ዓለም ቀን፣ እቆርባለሁ። ከመጣህ አብረን፤ ካልመጣህ አልጋዬን ለይቼ ብቻዬን።»

ቄሱም አርባ ቀን ሰጡት። «አንዲት እንኳ ብታጨስ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እኔ ደግሞ በኅዳር ወደ ሀገሬ እመለሳለሁ» አሉት።

ሲጃራውን ያቆመው ማክሰኞ ነው። ሆዱ ያቆመው ረቡዕ ነው።

መጀመሪያ ነገሬም አላለው። በአራተኛው ቀን ኢብሪቁን ይዞ ሄዶ፣ ተቀምጦ ተቀምጦ፣ እንደሄደ ተመለሰ። በስድስተኛው ቀን ሆዱ ተነፍቶ ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ አላላ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ከመጸዳጃ ቤቱ ሲወጣ ሦስት ሰው በራፉ ላይ ተሰልፎ አገኘ።

«ጋሼ፣ ዛሬም ምንም የለም?» አለች ለተብርሃን፣ ሕፃን በክንዷ እንደያዘች።

«ምኑ?»

«ኧረ እኛ ምን ገዶን፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት እየረፈደባቸው ነው እንጂ።»

«ስለ እኔ ሆድ የሆሽ ስብሰባ ተጠርቷል እንዴ?»

ከውስጥ የሻሽወርቅ ሳቀች። «ድርቀት ነው ለተብርሃን። ባለቤቱ ራሱ ደረቅ፣ ሆዱ ከማን ይማር?»

ሆሹ በሙሉ ሳቀ። ዓለምነህ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። ይህ ሰው በረሃ አቋርጦ፣ የሰው ልብስ አስተካክሎ፣ የማንንም እጅ ሳያይ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ የወጣና ያልወጣው ነገር የሰፈር ወሬ ሆነ። ለዚህ ነበር ሲጃራ የተወው?

በማግሥቱ መድኃኒት ፍለጋ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ሄደ። ዐረብኛውን ከብዙ ሱዳናዊ እኩል ይችለዋል፤ በዚህም ይኮራል። ግን ቅመም ሻጩ ፊት ሲቆም ነገሩን በስሙ ሊጠራው አልቻለም። ሁለት ወጣት ሴቶች አጠገቡ ቆመዋል። በአራት ጣቱ ቀበቶውን ነካ አድርጎ፣ «ለሆድ የሚሆን ስጠኝ» ብቻ አለ።

ሻጩ ምን ይወቅ? ሆዴን የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጥበት ነው። ጎንጎሌስ መዘነለት። ጎንጎሌስ ነጭ፣ ኮምጣጣ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ሱዳኖች የሚበጠብጡት የሚሮጥ ሆድ እንዲይዝላቸው ነው። ዓለምነህ ይህን የተዘጋ ሆዱን ይዞ፣ አምስት ቀን ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጣሳ ጠጣ። በአምስተኛው ቀን ሆዱ ከበሮ ሆነ። ካውያውን ለመግፋት ጎንበስ ሲል ይቃትት ጀመር።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሱቁ አጠገብ ያለው ፋርማሲ ገባ። ፋርማሲስቷ ሰልሰቢል ትባላለች፤ ሸሚዟን ሁልጊዜ የሚተኩስላት እሱ ነው።

«ለሆድ የሚሆን» አለ፣ መደርደሪያውን እያየ።

«የሚሮጥ ነው ወይስ የቆመ፣ ያ ዐም?» አለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

ፊቱ ነደደ። «ልጄ የምትሆኚ ልጅ ይህን ትጠይቂኛለሽ?»

«ካልጠየቅሁ ተቃራኒውን እሰጥዎታለሁ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ሲጃራውን፣ አሥራ አምስት ቀኑን፣ ጎንጎሌሱን። ጎንጎሌስ ሲል ሰልሰቢል ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ይቅርታ ጠይቃ ቀና አለችና አስረዳችው። ትንባሆው አንጀትን እየገፋ ያሠራው ነበር፤ ሲቀር አንጀቱ ገፊ አጣና ሰነፈ። በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ሳምንታት ይወስዳል፤ ያልፋል። ውሃ በብዛት፣ ባምያ፣ ፉል፣ ያልተነፋ ዱቄት ዳቦ፣ በእግር መሄድ። ካስመለሰው ወይም ደም ካየ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

«አንዲት ሲጃራ ብስብ ሆዴ ይሠራ ነበር ማለት ነው?» አላት።

«ይሠራ ነበር» አለች ሳትዋሽ። «ነገም ሌላ ይጠይቅዎታል።»

ዓለምነህ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ፓኮው ላይ የተቃጠለ ሳንባ ሥዕል አለ! የበሰበሰ ጥርስ አለ! አንጀትህ ውስጥ አለቃ ሆኖ ይገባል፣ ያባረርኸው ቀን ሥራ ያስቆምብሃል ብሎ የጻፈ ግን የለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በገዛ ሆዴ ውስጥ፣ እኔ ሳላውቅ ሌላ ሰው ሲያዝ ኖሯል?»

«ሰው አይደለም፣ ያ ዐም።»

«ይባስ!»

ውሃ እየጠጣ፣ ከደይም እስከ ዐማራት በእግሩ መሄድ ጀመረ። ለውጥ ግን አልነበረም። በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከጎኑ ባለው ሱቅ ሲጃራና ሳሙና የሚሸጠው ወዳጁ ኦመር የዓለምነህን ማቃሰት ሰማና አንድ ሲጃራ ለኩሶ መጣ።

«እንካ ወንድሜ። እንደ ሲጃራ አትቁጠረው፤ መድኃኒት ነው። ቄሱ ዐማራት ድረስ መጥቶ አያሸትህም። ያላ፣ ሳብ!»

ሲጃራውን ጣቶቹ መሀል ሰካለት። ዓለምነህ አየው። እንደሚሠራ ያውቃል፤ ያቺ ልጅ አልዋሸችውም። አንዴ ቢስብ ከዚያ ከበሮ ይገላገላል፤ የሆሹ ሳቅ ይቆማል፤ የሻሽወርቅም አታውቅም። እጁ ወደ አፉ ግማሽ መንገድ ሄደ። ጭሱ አፍንጫው ሲደርስ ግን ያ ሹፌር ትዝ አለው፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ዝም በል።

የካውያውን ክዳን ከፈተና ሲጃራውን ፍሙ ላይ ጣለው። ክዳኑንም ዘጋው።

«አንተ ሰው አብደሃል?» አለ ኦመር።

«የተራብኩ ጊዜ ሆዴን ዝም አሰኘው፤ እሺ አልኩት። ዛሬ ደግሞ ተናገር ሊለው ነው? ሆዴ የእሱ ሎሌ ነው እንዴ? ይቆይ! አርባ ቀንም ከፈለገ ይቆይ፤ እኔም እቆያለሁ!»

ጭሱ ከካውያው እስኪያልቅ ድረስ ውጭ ቆሞ ጠበቀ። የሰው ነጭ ጀለቢያ ትንባሆ እንዲሸት አልፈለገም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ድንገት ተነሣ። ኢብሪቁን ግማሽ ብቻ ሞልቶ ሄደ። ቆየ። ሲወጣ ፊቱ በላብ ረጥቦ፣ ግንባሩ ግን ፈታ ብሎ ነበር። ለተብርሃን አየችውና መቼም አፏን መያዝ አታውቅም፣ እልልታዋን አቀለጠችው። ከየቤቱ ተቀበሏት። የሻሽወርቅ ሳትቀር።

ዓለምነህ ለሦስት ቀን ማንንም አላነጋገረም።

ጥቅምት 27 ደረሰ። ራሱ የተኮሰውን ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ከየሻሽወርቅ ጎን ቆሞ ቆረበ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሆሹ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ ኦመርም የስኳር ከረጢት ተሸክሞ መጥቶ ነበር። ቄሱ ከምግቡ በኋላ፣ ከስደቱም ከሥራውም ከሁሉም በላይ የሚያኮራው የትኛው እንደሆነ ጠየቁት። ዓለምነህ ሲናገር ድምፁን ገና ቁጣው አልለቀቀውም ነበር።

«አባቴ፣ በረሃውን ብዙ ሰው አቋርጦታል። እኔን የሚያናድደኝ፣ ርቦኝ የተቀበልኩትን ነገር ጠግቤም ሠላሳ ስምንት ዓመት መታዘዜ ነው። ይቺ ሴት ሃያ ስምንቱን ዓመት በር ላይ ቆማ ጠብቃኛለች፤ ያም ያናድደኛል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ዛሬ ማንም ሳያዘኝ፣ በራሴ እግርና በራሴ ሆድ፣ ከጎኗ መቆሜ ነው። ለተብርሃን፣ ለዚህ እልል በይ። ያኛውን ግን መቼም ይቅር አልልሽም።»