የለመንኩት የባህር ሳር

አሶሳ ተቀምጦ የባህር አልጌ አጠናለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ጤንነቱ ይጠየቃል። እኔም ተጠይቄያለሁ። አማካሪዬ የጥናት ሐሳቤን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና፣ ቅርብ ያለው ባህር በስንት ቀን እንደሚደረስ ጠየቁኝ። እኔ ግን ልቤ በአንድ አረንጓዴ አልጌ ተይዞ ነበር። ክንድ ያህል ይረዝማል፣ ግንድና ቅጠል የሚመስል ነገር ያወጣል፣ ግን ሁለመናው አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ሲቆረጥ ቁስሉን ወዲያው ይደፍናል። እንዴት እንደሚደፍን ማየት ነበር ምኞቴ። አማካሪዬ ክረምት ሳይገባ አልጌው ላቦራቶሪ ውስጥ ካልበቀለ ርዕስ ትቀይራለህ ብለው ፈረሙልኝ።

ከውጭ ለማስመጣት የጻፍኩት ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከረመ። የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ አዲስ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አዲስ፤ ማኅተሙ ሲገኝ ኃላፊው የለም፣ ኃላፊው ሲገኝ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። ኋላ ላይ ግን ቤታቸው በመስታወት ገንዳ የባህር አሳ የሚያኖሩ ሰዎች ይህን አልጌ እንደ አረም ነቅለው እንደሚጥሉት አነበብኩ። እኔ የምሞትለትን ሌላው ከቆሻሻ ጋር ይደፋዋል። አዲስ አበባ ያሉ አሳ ወዳዶችን በሰው በሰው እያፈላለግሁ መደወል ጀመርኩ። አብዛኞቹ ያላቸው በቧንቧ ውሃ የሚኖር ወርቃማ አሳ ነው። አንዱ ሞልቶኛል ና ውሰድ ብሎኝ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቼ ብሄድ ያሳየኝ ፕላስቲክ ነበር። አረንጓዴ ፕላስቲክ። ሻይ ጋበዘኝ፣ ጠጣሁለት፤ ምን ላድርግ። ፊቴን አይቶ ሳያፍር አልቀረም፣ የአንድ ሽማግሌ ስልክ ሰጠኝ።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው ምጽዋ የባህር ኃይል ነበሩ። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ፣ የጨው ውሃ ገንዳ ቆሟል፤ ውስጡ ሁለት አሳና የኔ አልጌ። ጉልበታቸው ደክሞ ውሃ መቀየር ስላቃታቸው በሳምንቱ ሊያፈርሱት ነበር። ያለውን ሁሉ ነቅለው ከራሱ ውሃ ጋር በፕላስቲክ ዕቃ ሞሉልኝ፣ የሚበጠበጥ የባህር ጨውም ጨመሩበት።

"ሌላ የለኝም ልጄ። አደራህን" አሉኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ስመለስ ኬላ ላይ ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። የባህር ሳር ነው ስለው፣ ባህሩ የታለ ብሎ ከአውቶቡስ አስወረደኝ። ስንት ለምኜው ተመልሼ ስሳፈር፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ደግሞ ጠበል መስሏቸው ግንባራቸውን እንዳስነካቸው ለመኑኝ። እምቢ ስላልኩ ባምባሲ እስኪወርዱ ድረስ አኮረፉኝ።

አልጌውን ላቦራቶሪው መስኮት ሥር አኖርኩት። በአራተኛው ቀን አዲስ ቅጠል አወጣ። ከደስታዬ ብዛት ሁላችንም እማማ የምንላቸውን ጽዳት ሠራተኛችንን ሳይቀር ጠርቼ አሳየኋቸው። "ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳችን ነው፣ ይጠብቁልኝ" አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው።

ለሁለት ቀን ስብሰባ ወጥቼ ስመለስ አልጌው ነጥቶ፣ እንደ በሰለ ጎመን ልፍስፍስ ብሎ ከታች ተኝቷል። ጣቴን ውሃው ውስጥ ነክሬ ቀመስኩ። ጨው የሚባል የለበትም።

ማን ነካው ብዬ ጮህኩ። እማማ መወልወያቸውን እንደያዙ መጡ።

"እኔ ነኝ መምህር። ያ ውሃ ወላሂ ጨው ብቻ ነው፣ ቀመስኩ። እንግዳ እንዲህ ይጠጣል? ጥሩ ውሃ ከቤት አመጣሁ፣ ሰጠሁ።"

ያን ሰሞን የከተማው ቧንቧ ከደረቀ ሳምንት አልፎት ነበር። እሳቸው ከምንጭ የተቀዳውን የቤታቸውን ውሃ፣ እንደ ቤርታ ሴቶች ወግ በትከሻቸው እንጨት ላይ አንጠልጥለው ነው ያመጡት። በእሳቸው ቤት ከመንገድ የመጣ ሰው ማን ነህ ከመባሉ በፊት ውሃ ይቀርብለታል። እንግዳ ነው ያልኳቸውም፣ ጨው ካጣ ይሞታል ያላልኳቸውም እኔ ነኝ። ስድቡ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ተመለሰ። የምቆጣው ሰው ማጣቴ ይበልጥ አበገነኝ። ከመንገዱ ታሞ ነበር አልኳቸውና ዕቃውን ራሴ አጠብኩት።

ርዕሴን ወደ ቀርከሃ ቀየርኩ። ቀርከሃ ለአሶሳ ምን ብርቁ ነው፤ አማካሪዬ ግን ደስ አላቸው። ሽማግሌው ሲደውሉ ስልኬን አላነሳም ነበር። ክረምቱ ሲያበቃ በማላውቀው ቁጥር ደወሉ።

"ልጄ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ። ገንዳውን መልሼ ሞላሁት። ከሰጠሁህ ላይ አንድ ዘለላ ብቻ ላክልኝ።"

"ሞቷል ጋሼ" አልኩ።

"በምን ሞተ?" አሉኝ።

እማማ በሩ ጋ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ያዩኛል።

"በእኔ ስንፍና" አልኩ።

ሽማግሌው ስልኩን አልዘጉትም። በወዲያ በኩል የሳር አልባው ገንዳ ሞተር ውሃውን ሲያንቦጫርቅ ይሰማኝ ነበር።