በግድግዳ በኩል የመጣ ቤዝ

ሙዚቀኛው ሁሉ ጋሽ ስፖንጅ እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣለት ድራመሩ ነው፤ አብረው ሲሠሩ የሸበቱ፣ አንዱ የሌላውን ማንኮራፋት ሳይቀር የሚያውቅ ወዳጆች ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ቤዝ ጊታሩ ላይ፣ ክሮቹ ከታች በሚታሰሩበት በኩል፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በመቀስ ቆርጦ ይወትፋል። ስፖንጁ ክሩን ያፍነዋል። ድምፁ «ዱም» ብሎ ቁጭ ይላል እንጂ «ዱምምም» እያለ አይንዘላዘልም። ሌላው ቤዝ ተጫዋች ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ከሱቅ ገዝቶ ይገጥማል፤ የኛ ሰው ግን ከሚስቱ ኩሽና ይሰርቃል።

«ዛሬም ግማሹን ወስደኸዋል!» ትላለች ሚስቱ፣ የተረፈውን ቁራጭ ይዛ ሳሎን ድረስ መጥታ። «የሰው ባል ስንት ነገር ይደብቃል፣ የኔው ስፖንጅ!»

«አዲሱ አይሆንማ። አንቺ ሳምንት ሙሉ ዕቃ ካጠብሽበት በኋላ ነው ልስልስ የሚልልኝ።»

«እንግዲያው በካሴቱ ላይ የኔም ስም ይጻፍ» ትልና ቁራጩን ጭኑ ላይ ጥላለት ትሄዳለች።

ስለ ዕቃ አስተያየቱን ሊሰሙ የሚመጡ ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹ አዝነው ነው የሚመለሱት። ክር በስንት ጊዜ ይቀየራል ሲሉት «ሲበጠስ» ይላል። አዲስ ክር ለእሱ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ይጮኻል፣ ይነክሳል፣ ሰው ፊት ያሳፍራል። ባለ አምስት ክር ቤዝ ይዞ የመጣውን ከላይ እስከ ታች ያየውና «አራቱን ጨረስካቸው እንዴ?» ብሎ ኩም ያደርገዋል። አምፕሊፋየሩ ከመንገድ ሻንጣ አይበልጥም። ጣቱ የሚፈጥን ወጣት ሲሰማ ራሱን ይነቀንቅና «ጎበዝ ነው፤ ግን ወሬ ያበዛል» ይላል። መድረክ ላይ የሚቆመው ሁልጊዜ ድራመሩ ጎን ሲሆን፣ ዓይኑም ከድራመሩ እግር አይነሳም። እጁንስ ለምን አታይም ሲሉት «እጁማ የሚሠራው ለሴቶቹ ነው፤ ለኔ የሚሠራልኝ እግሩ ነው» ብሎ ያሥቃል።

ስሙን ያስጠራው ግን የግራ እጁ ነው። ኖታውን ይመታና፣ ሰው ገና ሊያጣጥመው ሲል፣ ጣቱን ከክሩ ላይ ብድግ ያደርጋል። ድምፁ ይቆረጣል። ፈጣን ዘፈን ላይ ቢሆን ማንም ያደርገዋል። እሱ ግን በቀርፋፋው፣ በሚያስለቅሰው ዘፈን ላይ፣ ጤነኛ ቤዝ ተጫዋች ሁሉ ድምፁን እስከ ጥግ በሚለቅበት ቦታ ላይ ነው የሚቆርጠው። በዚያች ክፍተት ዘፋኙ ትንፋሹን ይስባል፤ አዳማጩም አብሮ። ዘፋኞች ለዚህች ሲሉ ነው ስቱዲዮ የሚያስጠሩት። ለምን እዚያ ላይ እንደሚቆርጥ ሲጠየቅ አንዱን «ለዘፋኙ ቦታ ለመልቀቅ ነው» ይለዋል፣ ሌላውን ደግሞ ረጅም ፍልስፍና ደርድሮ ያፈዘዋል። ሁለቱንም እዚያው በቆመበት ነው የሚፈጥራቸው። ምክንያቱን አያውቀውም። ሰምቶ ነው የቀዳው፤ ከማን እንደቀዳው ደግሞ እሱም አያውቅም።

ወጣት ሆኖ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር፣ ከታላቅ እህቱ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል እየኖረ። አልጋው የተጠጋበት ግድግዳ ጀርባው ጭፈራ ቤት ነው። የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ፣ የማተሚያ ቀለሙ ከጥፍሩ ሳይለቅ ጋደም ሲል፣ ከወዲያ ባንዱ ልምምድ ይጀምራል። ግድግዳ እንግዲህ አመሉ የታወቀ ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ያስቀራል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል። ዘፋኙ አይሰማም፣ ሳክስፎኑ አይሰማም። ቤዙ ብቻ በጡቡ አልፎ፣ በአልጋው ብረት ወጥቶ፣ ደረቱ ላይ ያርፋል። ስንቱን ዘፈን ዜማውን ሳያውቅ ከሥሩ ተማረው መሰላችሁ! ኋላ ዘፈኖቹን በሬዲዮ ሲሰማ «ለካ ይሄ ነገር ላዩ ላይ ዜማ ነበረው!» ብሎ ጉድ አለ።

ገብቶ ለምን አላየም ትሉ ይሆናል። እህቱ ናት። «እግርህ እዚያ ቤት ከረገጠ እኔ ቤት እንዳይረግጥ» ብላዋለች፣ እሷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። ቆይቶ አንድ ሠርግ ላይ ቤዝ ጊታር ሲመታ አየና «ያ ድምፅ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ፤ አሮጌ ፈልጎ ገዛ። የሰማውን ያንን ቁርጥ ያለ ድምፅ ለማግኘት ክሩ ሥር ያልወተፈው ነገር የለም፤ ካልሲ፣ የመኝታ ልብስ ቅዳጅ፣ በመጨረሻ ስፖንጅ። ከእህቱ ቤት ወጥቶ በራሱ ሲያድር ግን ጭፈራ ቤቱ ተዘግቶ የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል፣ ባንዱም ተበትኗል። ያ ቤዝ ተጫዋች የት እንደገባ የሚነግረው አጣ።

ሰሞኑን ታዲያ ሬዲዮ ጣቢያ ለቃለ መጠይቅ ጠሩት። አዘጋጇ ወጣት ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ማን ነው ያስተማረዎት?»

«ግድግዳ።»

ልጅቷ ሣቀች። እሱ ግን አልሣቀም፤ ታሪኩን ከነጭፈራ ቤቱ አድራሻ ነገራትና ማይክሮፎኑን ጠጋ ብሎ፣ «ያ ሰው በሕይወት ካለ የምጠይቀው አንድ ነገር አለኝ። ምስጋናም አለብኝ። ከሞተም ነፍሱን ይማር፤ ግን ጥያቄዬን ይዞብኝ ነው የሄደው» አለ። ለካስ ነገሩ ይህን ያህል ሆዱን ይበላው ነበር።

በማግሥቱ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ የጭፈራ ቤቱ ዘበኛ የነበረ ሽማግሌ ነው፤ ስልኩን ከሬዲዮ ጣቢያው ተቀብሎ ነው።

«ስማኝ ወንድሜ፣ እዚያ ቤት ቤዝ ተጫዋች አልነበረም።»

«አልነበረም ማለት ምን ማለት ነው? በጆሮዬ ሰምቼው!»

«እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ። ዘፋኙ፣ ድራመሩ፣ ሳክስፎን የሚነፋው፣ ኦርጋን የምትጫወተዋ ልጅ። በቃ። ቤዝ ተጫዋቹ ገና ሥራ ሳይጀመር ከነጊታሩ ጠፍቷል። ልጅቷ ናት ለሱ ጭምር በግራ እጇ ትጫወት የነበረው።»

ድራመሩ ሲነገረው ሣቁ ሆዱን አሳመመው። «ዕድሜ ልክህን የሰው ግራ እጅ ስትኮርጅ ኖረሃል!» አለና እንደገና ተንከተከተ። ጋሽ ስፖንጅ ግን አልተቀየመም። እንዲያውም ነገሩ በራለት። ኦርጋን እኮ ጣትህን ስታነሳ ድምፁ ወዲያው ነው የሚጠፋው! ለዚህ ነዋ የሚቆረጠው! ሚስቱን ጠርቶ አስረዳት፣ ሳህን እያደረቀች ሰማችው።

«ጣቷን ካላነሳችውስ?» አለች።

«ካላነሳችውማ እስከ ነገ ይጮኻል።»

«ታዲያ ለምን አነሳችው?»

ወይ ይቺ ሴትዮ! ጥያቄው ዞሮ እዚያው ገባ። ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ። አሁን ግን ጥያቄው አድራሻ አለው፤ ዘበኛው የሴትዮዋን ስልክ ሰጥቶታል፣ በሕይወትም አሉ። ደወለ፣ የድሮ አድናቂዎ ነኝ አለ፣ ቤዙን አንግቶ ሄደ።

የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከነጊታሩ ደረጃውን ወጥቶ ሲደርስ ትንፋሹ አልቆ ነበር። በሩን ራሳቸው ከፈቱለት። ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ መነፅራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ኦርጋኑ ሳሎኑ ጥግ ላይ ቆሟል፤ የተተኮሱ ሸሚዞች ተከምረውበታል።

«አይሠራም» አሉት ዓይኑን አይተው። «የልጄ ቁም ሣጥን ሆኗል። በል ቁጭ በል። ይሄ የተሸከምከው ምንድን ነው?»

«ቤዝ ነው፣ እትዬ።»

ከሻንጣው ሲያወጣው ጎንበስ ብለው አዩት፣ ከክሮቹ ሥርም አረንጓዴውን ስፖንጅ ነካ አደረጉት። «ዕቃ ልታጥብልኝ ነው እንዴ የመጣኸው?»

ከመናገሩ በፊት እንዲጫወት አዘዙት። እሱም ያንን ቀርፋፋውን፣ በመጀመሪያ በአልጋው ብረት የሰማውን ጀመረ። አምፕሊፋየር የለም፤ ድምፁ ከእንጨቱ ብቻ ነው የሚወጣው። ትንሽ እንደሄደ ሴትዮዋ መነፅራቸውን አጠለቁ፣ ከዚያ መልሰው አወለቁት።

«የኔ ነው!» አሉ። «ይሄ የኔ የግራ እጅ ነው! አንተ፣ ከየት አባክ አመጣኸው?» ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ቦግ አለ። ቀጥለው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ቆይ፣ ቆይ። ግን ለምንድን ነው እዚህ ላይ የምትቆርጠው?»

ጋሽ ስፖንጅ መጫወቱን አቆመ። «እኔ እኮ ይህንኑ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት!»

«እኔማ ተገድጄ ነው!» ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «ስማ፣ ከጭፈራ ቤቱ ጀርባ አንድ የተረገመ ጎረቤት ነበረብን። ልምምድ ስንጀምር ጠብቆ ግድግዳውን በቡጢ ይደበድባል። ያውም እኔ ጀርባ ላይ! የጭፈራ ቤቱ ባለቤት ፈሪ ሰው ነው፤ ይሄ ሰው አመልክቶ ቤቱን ያዘጋዋል፣ ያን ጉምጉምታሽን አጥፊልኝ ካለዚያ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ አለኝ። ድምፁን ብቀንሰው ዘፋኙ ይስታል። ምን ላድርግ? ቡጢው ሲያርፍ ጣቴን ብድግ አደርጋለሁ። ሲመታ ብድግ፣ ሲመታ ብድግ። እየቆየ ሳይመታም እጄ ፈርቶ በራሱ መነሳት ጀመረ።»

ያ ግድግዳ ጋሽ ስፖንጅ ፊት ድቅን አለ። ጋደም ብሎ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ ጡቡን በቡጢ ሲመታ። ድራም የለው፣ ጊታር የለው፣ አብሮ የሚጫወትበት ሌላ ነገር አልነበረውማ! ደስታ እንዲያ ሲያደርገው ከወዲያ በኩል ይሰማል ብሎ አንድ ቀን እንኳ አላሰበም።

«እትዬ» አለ። «ያ ጎረቤት እኔ ነኝ።»

መነፅራቸውን አጥልቀው አዩት።

«ልደበድብ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነው። አብሬዎት እየተጫወትኩ ነበር።»

«ደስ ብሎህ?»

«በጣም።»

ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ሣቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ፣ ጉልበቱን እየመቱ ሣቁ። «እኔ እኮ ስረግምህ ነው የኖርኩት! ጥርሴን ባመመኝ ቁጥር ወደዚያ ጎረቤት ይሂድ እል ነበር!»

«ደርሶኛል» አለ ጋሽ ስፖንጅ፣ ድድ ብቻ የቀረውን መንጋጋውን እያሳየ።

ሣቁ ሲያልቅ እንባው ግን አላቆመም። መነፅራቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ታውቃለህ፣ ያን ዘፈን አንድ ቀን እንኳ እስከ ጥግ ለቅቄ ሳልጫወተው ነው ቤቱ የተዘጋው። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ከዚያ ማን ኦርጋን ይነካል። ሰዎች እንዲያ አድርገሽ ስትቆርጪው ያምራል ይሉኝ ነበር። እኔ ጠልቼው ነበር የምጫወተው።»

ጋሽ ስፖንጅ አንገቱን ደፋ። ሊያመሰግን ነበር የመጣው፤ አሁን ያመስግን ይቅርታ ይጠይቅ ግራ ገባው። እንጀራው፣ ስሙ፣ ልጆች ፊት የደረደረው ፍልስፍና ሁሉ የእኚህ ሴት ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱን ደግሞ ያመጣው እሱ። አፈረ። ከማፈሩም ጋር፣ አይዋሽምና፣ ደስ አለው። አብረው ተጫውተው ነበር ማለት ነው።

«በል ተጫወተው» አሉት። «ሳትቆርጥ። እኔ ልጫወተው እንደፈለግኩት።»

ስፖንጁን ጎትቶ አወጣና ጀመረ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ጣቱ ብድግ አለ።

«አይሆንም። እንደገና።»

እንደገና ጀመረ። በልቡ ያዘው ያዘው እያለ ጣቱ ብድግ አለ። ላብ አጠመቀው። ይህን ያህል ዘመን ያገለገለው ጣት አልታዘዝ አለው።

ሴትዮዋ ከወንበራቸው ተነሱና ጎኑ መጥተው ቆሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ኖታዋን ሲመታ የግራ እጃቸውን ዘርግተው፣ ጣታቸውን ጣቱ ላይ አድርገው፣ ከክሩ ጋር አጥብቀው ተጫኑት።

«አይዞህ» አሉት፣ «አሁን የሚደበድብ የለም።»

ድምፁ በእንጨቱ፣ በደረቱ፣ በሁለቱም ክንድ ውስጥ ሄደ። ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ጣታቸውን አላነሱም።