መኪናው እስኪሞላ

ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ሆሳዕና በገባሁበት ዓመት ኖን ካፌ መሆንን መረጥኩ። የትምህርቱና የመኝታው ወጪ በወጪ መጋራት ተመርቀን ሥራ ስንይዝ የሚከፈል ነው፤ የምግቡን ግን ካፌ ከመብላት ይልቅ በየወሩ በእጅ መውሰድ ይቻላል። ከአንዲት የዶርም ጓደኛዬ ጋር ተጋግዘን እየበላን ከሚተርፈው ሳሙናውንም ፎቶ ኮፒውንም የስልክ ካርዱንም እንሸፍናለን ብለን ነበር። ምኑ ይተርፋል! ወሩ ሳይጋመስ እጃችን ባዶ ይሆን ነበር።

ቤታችን ዱራሜ ነው። ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት የተሳፈረ ሰው ረፋዱ ላይ ይደርሳል። ደርሶ መልሱ ግን የሳምንት ምሳዬን ይወስዳል። ስለዚህ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አልሄድም ብዬ ቆረጥኩ።

ቋንቋው ይናፍቀኛል ብዬ ግን አልገመትኩም። ግቢ ውስጥ አማርኛ ነው፤ ከተማው ውስጥ ሀዲይኛ። ከምባትኛ የምሰማው በስልክ ነው፤ እሱም ካርዱ እስኪያልቅ። አንድ ቅዳሜ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ሁለት ሴቶች በከምባትኛ ስለ ዝናብ ሲያወሩ ሰማሁና እግሬ አልሄድ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወደ ዱራሜ የሚጭነው ሚኒባስ አጠገብ ሄጄ እቆማለሁ። ረዳቱ "እህቴ፣ ትሄጃለሽ?" ሲለኝ "ሰው እየጠበቅኩ ነው" እለዋለሁ።

አንድ ቀን ከዱራሜ ከገባው መኪና እናቴ ወረደች። እናቴ ከሀደሮ ዝንጅብል እያመጣች የምትሸጥ፣ ገበያዋን ትታ የትም የማትሄድ ሴት ናት። ደነገጥኩ።

"ልጅሽ ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ ቆማ ትታያለች ብለው ነገሩኝ" አለችኝ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ። "ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም። ወሬ ለመስማት ነው።"

"የማንን ወሬ?"

"የማንንም።"

ፊቴን ለቀቀችና እጄን ያዘች። ከዚያ ጥላ ስር ወስዳ አስቀመጠችኝና በኮባ የጠቀለለችውን ቆጮ ፈታችው። አይብም ይዛለች። በማግስቱ ጭነት ስላለባት ቀጥሎ በሚወጣው መኪና መመለስ ነበረባት። "እስኪሞላ አብረን እንቀመጣለን" አለች።

ስለ ትምህርቴ ትጠይቀኛለች፣ ትመክረኛለች ብዬ ነበር። አልመከረችኝም። አክስቴ በአጥር የተነሳ ከጎረቤቷ ጋር መኳረፏን፣ ላማችን ወተት መከልከሏን፣ የመዘምራኑ መሪ ድምፁ ተዘግቶ እሁድ በሹክሹክታ ሲመራ ሰው ሁሉ ሳቁን መቆጣጠር እንዳቃተው አወራችኝ። እየበላሁ ሳቅኩ፤ እየሳቅኩ እንባዬ መጣ። እሷም እንዳላየች ሆና ወሬዋን ቀጠለች።

በዚህ መሃል ሰው እየመጣ ይሳፈራል። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ሁለታችንም ወደ በሩ እናያለን።

"አንድ ሰው! ዱራሜ፣ አንድ ሰው!" አለ ረዳቱ።

እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ በሩ ጋ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን እየተመረኮዙ መጡ።

"አባ፣ እርስዎ ይግቡ" አለቻቸው። "እኔ በሚቀጥለው እሄዳለሁ።"

ሽማግሌው መረቋት። ተመልሳ አጠገቤ ስትቀመጥ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሁለተኛው መኪና ቶሎ አልሞላም። ዝናብ ሲጥል እኛም ውስጥ ገብተን ተቀመጥን፤ ትከሻዋ ላይ ተደግፌ ወሬዋን ሰማሁ። ሲሞላ እጇን ራሴ ላይ ጭና ጸለየችልኝና ወረድኩ።

በዓመቱ ወደ ካፌ ተዛወርኩ። ምግቡ አይጣፍጥም፤ ግን በልቼ አድራለሁ፣ እናቴ የምትልክልኝ ትንሽ ብርም ለትራንስፖርት ይሆነኛል።

አሁን ሞርሲቶ ከተማ አስተምራለሁ፤ ወጪ መጋራቱም ከደመወዜ ይቆረጣል። ዱራሜ ስፈልግ እሄዳለሁ። እናቴ ደህና ናት፤ ቤቱ ግን እንግዳ አያጣም፣ እሷም ከጓዳ አትወጣም። እንደዚያን ዕለት ለእኔ ብቻ ተቀምጣ አታውቅም። እጇን ይዤ "ቁጭ በይና አውሪኝ እንጂ" ስላት ትስቃለች።

"ምን ልንገርሽ፣ ልጄ? በስልክ ሁሉን ትሰሚው የለ?"